እናትና ጨቅላ በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ



በዚህ ትምህርታችን በጉና ተራራ ዙሪያ ወደሚገኙት ወረዳዎች፣ ወደ ጋይንት፣ ወደ ስማዳና ወደ እስቴ እንሄዳለን። አገሩ ደጋና ቆላ የሚገናኙበት ነው። ነፋስ መውጫ ስሟ እንደሚናገረው ብርድና ነፋስ የማይለያት፣ ወደ 3,000 ሜትር ከፍታ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። የስማዳ ጠርዝ ደግሞ ወደ በሽሎና ወደ ዓባይ ሸለቆ ይወርዳል። ከወረታ ወደ ወልድያ የሚወስደው አውራ ጎዳና በላይ ጋይንት ያልፋል፤ ከእርሱ ርቆ የሚኖረው ገበሬ ግን ምጥ የጸናባትን ሴት በቃሬዛ ተሸክሞ ገደል መውረድና መውጣት ግድ ይሆንበታል። እንግዲህ ነርስ እናትንና ሕፃንን እንዴት እንደምትረዳ ስንማር ይህን መንገድ በዓይናችን ፊት እናድርግ።

በአገራችን በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት እ.ኤ.አ. በ2000 ከ100,000 ሕፃናት ልደት ጋር በተያያዘ 871 እናቶች ይሞቱ ነበር። በ2016 ቍጥሩ ወደ 412 ወረደ። በዚያው ዓመት ግን በሕይወት ከተወለዱት 1,000 ሕፃናት 29ኙ ገና 1 ወር ሳይሞላቸው ሞተዋል። ብዙ ተሠርቷል፤ የቀረውም ብዙ ነው።

1. ሦስቱ መዘግየቶች

እናት የምትሞትበትን ምክንያት የመረመሩ ሰዎች ሦስት መዘግየቶችን ይቈጥራሉ። የመጀመሪያው ቤተሰቡ «እስኪ ትንሽ እንጠብቅ» እያለ ለመወሰን መዘግየቱ ነው። ሁለተኛው መንገድ ላይ መዘግየት ነው። ሦስተኛው ጤና ጣቢያ ከደረሱ በኋላ ባለሙያ፣ ደም ወይም መድኃኒት ባለመገኘቱ የሚመጣ መዘግየት ነው።

የመዘግየት ዋጋ ሞት ብቻ አይደለም። ምጥ ለቀናት ሲራዘም ሽንት መቈጣጠር የሚያሳጣው ፊስቱላ ይከተላል። ሐኪሞቹ ካትሪንና ሬጂናልድ ሐምሊን እ.ኤ.አ. በ1959 ወደ አዲስ አበባ የመጡት በልዕልት ፀሐይ ሆስፒታል የአዋላጆች ትምህርት ቤት ለማቋቋም ነበር፤ በፊስቱላ የተጎዱትን ሴቶች ባዩ ጊዜ ግን በ1974 ለእነርሱ ሆስፒታል መሠረቱ። በ2005 በባሕር ዳር ቅርንጫፍ ተከፈተ፤ በ2007 ደግሞ የአዋላጅ ነርሶች ኮሌጅ ተቋቋመ። የታመመችውን ከማከም ጋር፣ ሌላዋ እንዳትታመም አዋላጅ ማሠልጠን እንደሚያስፈልግ ከዚህ እንማራለን።

ስለዚህ ነርሷ በእርግዝናው ወራት አስቀድማ ከቤተሰቡ ጋር ትመክራለች። ቃሬዛውን ማን ይሸከማል? ገንዘቡ ከየት ይመጣል? ቤቷ ሩቅ የሆነች እናት ቀኗ ሲቀርብ በጤና ጣቢያው አጠገብ ባለው የእናቶች ማቆያ ብትሰነብት ሁለተኛው መዘግየት ይቀርላታል።

ቀን የማይሰጡ ምልክቶችም አሉ፦ ደም መፍሰስ፣ ብርቱ ራስ ምታት፣ የዓይን መደብዘዝ፣ የፊትና የእጅ እብጠት፣ ማንቀጥቀጥ፣ ትኩሳት፣ ከምጥ በፊት የሽርት ውሃ መፍሰስ። ምጡም ከ12 ሰዓት ካለፈ ወዲያው መጓዝ ያስፈልጋል።

2. በወሊድ ሰዓት

ከወሊድ በኋላ የሚፈስስ ደም በጥቂት ሰዓት ውስጥ እናትን ይገድላል። ስለዚህ ሕፃኑ እንደ ተወለደ አዋላጇ ኦክሲቶሲን የተባለውን መርፌ ትወጋለች፤ የእንግዴ ልጁ ሙሉ በሙሉ መውጣቱን ትመረምራለች፤ ማኅፀኑ መጠንከሩን በእጇ ታረጋግጣለች። እናቲቱን ለ24 ሰዓት ከዓይኗ አታርቃትም።

3. ጨቅላው

በጉና ብርድ የሚወለድ ሕፃን ከሁሉ በፊት ሙቀት ይሻል። በንጹሕ ጨርቅ ይደረቃል፤ ራቁቱን በእናቱ ደረት ላይ ይደረጋል፤ ከላይ ይሸፈናል። ገላውን ማጠብ ለ24 ሰዓት ይቈያል። ሲደርቅ ያልተነፈሰ እንደ ሆነ፣ በመጀመሪያይቱ ደቂቃ ውስጥ በትንፋሽ መስጫው ፊኛ ይረዳል።

በአንድ ሰዓት ውስጥ ጡት ይጥባ። በብዙ ቤት እንገሩ ይታለባል፤ ለሕፃኑም ቅቤ ያውጡታል። እንገር ግን ሕፃኑን ከበሽታ የሚጠብቅ የመጀመሪያው ክትባቱ ነው፤ ሊጣል አይገባም። እትብቱ በንጹሕ ምላጭ ይቈረጥ፤ ባለሙያ ከሚሰጠው መድኃኒት በቀር ቅቤም ሆነ ሌላ ነገር አይቀባ።

ክብደቱ ከ2,500 ግራም በታች የሆነ ሕፃን ሌሊትና ቀን በእናቱ ጡቶች መካከል ይታቀፋል። ይህ ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1978 በኮሎምቢያ፣ በቦጎታ ከተማ፣ ማሞቂያ መሣሪያ ባልበቃበት ሆስፒታል የተጀመረ ነው። መብራት ለሌለው ጎጆም ይስማማል።

4. የአራስ ቤት ቀናት

በዚህ አገር ልማድ ወንድ ልጅ በ40፣ ሴት ልጅ በ80 ቀን ክርስትና እስኪነሡ ድረስ አራሷ ከቤት አትርቅም። ዕረፍቱ መልካም ነው፤ ገንፎውና የጎረቤት ጥየቃውም ያበረታታል። አደጋው ግን በመጀመሪያው ሳምንት ነው። አራሷ መውጣት ካልቻለች ነርሷ ወይም የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ወደ እርሷ ትሂድ። ጡት መጥባት የተወ፣ የቀዘቀዘ ወይም ያተኰሰ፣ በፍጥነት የሚተነፍስ፣ እትብቱ መግል የያዘ ሕፃን 40 ቀን አይጠብቅም።

5. የነርሷ አንደበት

«ልጅ ለናቷ ምጥ አስተማረች» ይባላል። ከጤና ኬላ የምትመጣው ወጣት ሠራተኛ ይህን ተረት ከአማት ፊት ሳትሰማው አትቀርም። ስለዚህ «እማማ፣ እርስዎ ስንት አዋልደዋል? ምን ሲገጥምዎ ፈሩ?» ብላ ትጀምር። ያዩት አሮጊት ምልክቱን ያውቁታል፤ ከተከበሩም ቃሬዛውን ቀድመው የሚያስነሡ እርሳቸው ይሆናሉ። የልምድ አዋላጇም ነፍሰ ጡሯን ይዛ ጤና ጣቢያ ብትመጣ በደስታ ትቀበላት።

ይህ ሁሉ ሰላም ይፈልጋል። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2021 ጦርነቱ ነፋስ መውጫ በደረሰ ጊዜ የከተማዪቱ የጤና ተቋማት ተዘርፈዋል፤ ከ2023 ወዲህ በክልሉ የተነሣው ግጭትም በብዙ ቦታ መንገድ ዘግቷል። መንገድ ሲዘጋ በቅርብ ያለችው አንዲት ነርስና በእጇ ያለው ጥቂት መድኃኒት የመንደሩ ሆስፒታል ናቸው። እርሷን ማሠልጠን፣ ዕቃዋን ማሟላትና ብቻዋን አለመተው የሁላችን ፈንታ ነው።

ለመወያያ

ሀ. ከሦስቱ መዘግየቶች በእናንተ ሰፈር የሚበረታው የትኛው ነው?
ለ. በቤታችሁ ነፍሰ ጡር ብትኖር፣ በሌሊት ምጥ ቢይዛት ማን ይወስናል? ማንስ ይሸከማታል?
ሐ. ከአራስ ቤት ልማዶች የትኞቹን እንጠብቅ? የትኞቹንስ እናርም?