ካንዴላው ምን አደረገህ?

ኧረ ተው፣ አትወርውረው! ወዲህ በለው እስቲ። አዲስ ገዝተህ መምጣትህን አይቻለሁ፤ እሱ ኪስህ ውስጥ ይቆይ። አሁን ብትቀይረው ፓምፑ ይነሳልሃል፣ ሽንኩርቱም ውሃ ይጠጣል፤ ሳምንት ሳይሞላ ግን ተመልሰህ ገመድ ስትጎትት ትውላለህ። ካንዴላውን የሚያጠቁረው ነገር እኮ እዚያው ሞተሩ ላይ አለ።

ና ወደ ብርሃኑ። ጫፉን በጣትህ ጥረገው። ደረቅ ጥላሸት ነው አይደል? ቤንዚን በዝቶ አየር ሲያንስ እንዲህ ይሆናል፤ ፋኖስ ክሩ ሲረዝም ብርጭቆውን የሚያጠቁረውም በዚሁ ምክንያት ነው። እርጥብ ሆኖ የሚያብረቀርቅ፣ ሲነኩት የሚያሟልጭ ቢሆን ነገሩ የዘይት ነበር። እርጥብ ሆኖ ቤንዚን ቤንዚን ቢሸት ደግሞ ወይ ቤንዚን በዝቶበታል፣ ወይ ካንዴላው እሳት አይሰጥም። የጤነኛ ሞተር ካንዴላ ጫፉ ደረቅ፣ መልኩም ፈዘዝ ያለ ቡናማ ነው። ከእንግዲህ አንዱንም ሳታየው አትጣል።

ያንተ ደረቅ ጥላሸት ስለሆነ መጀመሪያ ፊልትሮውን ፍታ። ካርቡሬተሩን ተወው፤ እናንተ ወንዶች ደግሞ እሱን ካልበተናችሁ የሠራችሁ አይመስላችሁም። ተመልከት፣ ስፖንጁ በአቧራ ተደፍኗል። በዚህ ውስጥ ሞተሩ እንዴት ይተንፍስ? በሞቀ ውሃና በሳሙና እጠበው፣ አትጠምዝዘው፣ ጨምቀህ ጥላ ላይ አድርቀው። ከዚያ ንጹሕ የሞተር ዘይት አስነካውና የተረፈውን ጭመቅ፤ ዘይት የሚንጠባጠብ ስፖንጅ ራሱ ያጨሳል። የወረቀቱ ፊልትሮ ግን ውሃ አይነካውም። ቀስ አድርገህ መታ መታ አድርገው፤ ካልጸዳ ይቀየራል። ያለ ፊልትሮ ላስነሳው እንዳትል! የፎገራ አቧራ ሲሊንደርና ፋሻ ይፈጫል።

ቾኩንስ? ሲነሳ ትዘጋዋለህ፣ ሞቅ ሲል ትከፍተዋለህ፤ ይህን ታውቃለህ። ነገር ግን እጀታው ከላላ ሞተሩ ሲንቀጠቀጥ በራሱ ይመለሳል፤ አንተ ቦይ ስትጠርግ እሱ ግማሹን ተዘግቶ ይውላል። እየሠራ ሳለ መጥተህ እየው።

አንድ ነገር ደግሞ ልንገርህ፣ ብዙ ሰው አያስበውም። ጣና ራሱ የተኛው ወደ 1,800 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ ነው፤ እዚህ አየሩ ስስ ነው። የፓምፕህ ሞተር የሆንዳ ጂኤክስ 160 አምሳያ ነው፤ የእነዚህ ካርቡሬተር ፋብሪካ ላይ የሚስተካከለው ለዝቅተኛ ቦታ ነው። የሆንዳው መመሪያ ሁልጊዜ ከ1,500 ሜትር በላይ የሚሠራ ከሆነ ካርቡሬተሩ ለከፍታው ይስተካከል ይላል፤ ሥራውም ቤንዚን የምታሳልፈውን ቀዳዳ በጠበበች መለወጥ ነው። ፊልትሮው ንጹሕ፣ ቾኩ ክፍት ሆኖ አሁንም ጥላሸት ካየህ ይህን ለመካኒኩ ንገረው። ፓምፑን ቆላ ካወረድከው ግን የድሮዋ ትመለስ፤ ያለዚያ ሞተሩ ከመጠን በላይ ይግላል።

ውሃ ሳይስብ በሚኒሞ ማስጮህም ይቅር። ካንዴላ ጥላሸቱን በራሱ አቃጥሎ የሚያራግፈው ጫፉ ከ450 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሲግል ነው፤ ያለ ሥራ ሲያንጎራጉር የሚውል ሞተር እዚያ አይደርስም። ባለሱቁ «የሚግል ካንዴላ ልስጥህ» ቢልህም እሺ አትበል። ምክንያቱን ሳታገኝ እሱን ማስገባት በሽታውን መደበቅ ነው።

ዘይቱን ለካኸው? እዚህ ዘንበል ያለ ዳገት ላይ አይለካም፤ ሜዳ ላይ አስቀምጠው። ይህ ሞተር የሚይዘው 0.6 ሊትር ያህል ብቻ ነው። ሲበዛ ወደ ፊልትሮው ይወጣና ይቃጠላል። መለኪያውን አሽትተው፤ ቤንዚን ቤንዚን ከሸተተና ዘይቱ ከነበረበት ከፍ ካለ ካርቡሬተሩ ውስጥ ያለው ተንሳፋፊ ቤንዚኑን አልዘጋም ማለት ነው። ያን ጊዜ አታስነሳው፤ ተንሳፋፊው ይጠገን፣ ዘይቱም ይቀየር። ሥራ ስትጨርስ የቤንዚኑን መዝጊያ ዝጋ። ባጃጅ ላይ ስትጭነውም ቀጥ ብሎ ይቁም እንጂ በጎኑ አይተኛ፤ ከተኛ ዘይቱ ሲሊንደርና ፊልትሮ ውስጥ ይገባል፣ በማግስቱም ነጭ ጭስ ይተፋብሃል።

አሁን ወደ ካንዴላው እንመለስ። ይህን የያዝከውን አሮጌውን በሽቦ ብሩሽ ጥረገውና ክፍተቱን ለካ፤ ከ0.7 እስከ 0.8 ሚሊሜትር ነው። እሳት ላይ መጥበስ የሚባል ነገር የለም፤ ነጩ ሸክላ ይሰነጠቃል፣ እጅህም ቤንዚን ነክቷል። ሸክላው ከተሰነጠቀ ወይም ጫፉ ከተበላ አዲሱን አስገባ። መጀመሪያ በእጅህ አዙረህ አስገባው፤ ቁልፍ የሚመጣው በኋላ ነው። አዲስ ከሆነ ከተቀመጠ በኋላ ግማሽ ዙር፣ አሮጌ ከሆነ ሩብ ዙር እንኳ ይበቃዋል። ጉልበትህን እዚህ አታሳይ፤ ጭንቅላቱ አሉሚኒየም ነው፣ ጥርሱ ከተበላ የስንት ካንዴላ ዋጋ ትከፍላለህ።

ይህን ሁሉ አድርገህ፣ ዘይቱም በልኩ ሆኖ፣ ካንዴላው በዘይት ከራሰና ጭሱ ሰማያዊ ከሆነ ሌላ ካንዴላ እንዳትገዛ። መካኒኩ ጋ ውሰደውና «ፋሻውንና ቫልቮላውን እይልኝ» በለው። «ካንዴላ ቀይርልኝ» ካልከው ካንዴላ ብቻ ነው የሚቀይርልህ።