ወራት ያለፈው የፊት ቁስል፦ ቁንጭር፣ ሽኮኮና አንቲሞኒ

በውስጥ መስመር በተደጋጋሚ የሚደርሰኝ ጥያቄ አለ፦ «ዶክተር፣ ልጄ ጉንጩ ላይ ቁስል ወጥቶበት ወራት አለፈው። ቅባቱም ኪኒኑም እምቢ አለ። ወንድሞቹ ላይ እንዳይጋባ ለብቻው ላስተኛው ወይ?»

አርባ ምንጭ ዙሪያ የሚሠራ ሐኪም ይህን ሲሰማ ቶሎ ከሚጠረጥራቸው ነገሮች አንዱ ቁንጭር ነው፤ በጋሞ ቦልቦ ይሉታል። የሕክምና ስሙ የቆዳ ሌይሽማኒያሲስ ነው። መልሱን ላስቀድም፦ ቁንጭር ከሆነ ልጁን አታግልሉት። አብሮ በመብላት፣ በመነካካት ወይም አብሮ በመተኛት አይጋባም።

ታዲያ ከየት ይመጣል? አንዳንዱ የሌሊት ወፍ ነክታው ነው ይላል፤ እንዲያውም በአፋን ኦሮሞ ከሚጠራባቸው ስሞች አንዱ ራሱ የሌሊት ወፍ ማለት ነው። ትክክለኛውን መልስ ለማግኘት ግን ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ከአርባ ምንጭ በስተሰሜን፣ አባያ ሐይቅን ቁልቁል በሚያይ ዐለታማ ኮረብታ ላይ ኦቾሎ የምትባል መንደር አለች። ሰው ቤቱን የሠራው በዐለቱ መሀል ነው፤ በዐለቱ ስንጥቅና ዋሻ ውስጥ ደግሞ ሽኮኮ ይኖራል። እ.ኤ.አ. በ1970 ገደማ አሽፎርድ የተባለ ተመራማሪና ባልደረቦቹ በኦቾሎና በወሎዋ ኩታበር ያጠኑት ይህንኑ ነበር። ተውሳኩን ሽኮኮዎች ውስጥ አገኙት። ሽኮኮው ይህ ነው የሚባል ሕመም ሳይታይበት ተሸክሞት ይኖራል። ወደ ሰው የምታሻግረው የአሸዋ ዝንብ ናት፤ ከወባ ትንኝ በጣም የምታንስ፣ ድምፅ የሌላት፣ በሌሊት የምትነክስ። እ.ኤ.አ. በ1973 ተውሳኩ በአገራችን ስም ሌይሽማኒያ ኤቲዮፒካ ተባለ። (በበሽታ ስም መጠራት ባያኮራም፣ ያው ስማችን ነው!)

ምንጩ ሽኮኮው ስለሆነ የታመመውን ሰው ሁሉ ብናክም እንኳ በሽታው ከአካባቢው አይጠፋም። ዝንቧ በተራ አጎበር ቀዳዳ ልታልፍ ትችላለች፤ በፀረ ተባይ የተነከረው ይሻላል። ልጆች ሲመሽ እዚያ ዐለት ሥር ባይጫወቱ ደግሞ ጥሩ ነው።

አብዛኛው ቁስል በዓመታት ውስጥ በራሱ ይድናል፣ ጠባሳው ግን ፊት ላይ ይቀራል። አንዳንዱ ወደ አፍንጫና ከንፈር ይገባል። አንዳንዱ ደግሞ መላ ሰውነት ላይ ይሰራጫል፤ እ.ኤ.አ. በ1960 ባልዘርና ባልደረቦቹ ከኢትዮጵያ የጻፉት ስለዚህኛው፣ የሥጋ ደዌ መስሎ ስለሚታየው ዓይነት ነው። በመልኩ ብቻ መፍረድ ስለማይቻል ከቁስሉ ጠርዝ በትንሹ ተፍቆ በማይክሮስኮፕ መታየት አለበት። በጋለ ብረት መተኮስ ጠባሳውን ያብሳል እንጂ አይጠቅምም፤ እባካችሁ ተዉት።

ስለ መርፌውም ብዙ ትጠይቁኛላችሁ። ሶዲየም ስቲቦግሉኮኔት ይባላል፤ ዋናው ንጥረ ነገሩ አንቲሞኒ ነው። አዎ፣ የአርሴኒክ ዘመድ የሆነው መርዝ። እ.ኤ.አ. በ1912 ብራዚላዊው ጋስፓር ቪያና ለዚሁ በሽታ የተጠቀመበት የአንቲሞኒ ጨው ድሮ ለማስታወክ ይሰጥ የነበረ ነው፤ ተውሳኩን ይገድላል፣ በሽተኛውንም ክፉኛ ያንገላታል። በ1940ዎቹ የመጣው ስቲቦግሉኮኔት ይሻላል፤ አንቲሞኒው ረጋ ባለ መልኩ ይገባና ኃይለኛ የሚሆነው ውስጥ ገብቶ ሲቀየር ነው። ያም ሆኖ ልብን፣ ቆሽትን፣ ጉበትንና ኩላሊትን ሊጎዳ ይችላል። «ለፊት ቁስል የልብ ምርመራ ምን ያደርጋል?» ለምትሉ፣ ምክንያቱ ይኸው ነው።

ሁሉም ሰው ይህን መርፌ አይወስድም። ትንንሽ ቁስል በማቀዝቀዝ ወይም እዚያው ቁስሉ ላይ በመውጋት ሊታከም ይችላል። ጀምራችሁ ከሆነ ግን የደም ምርመራ ቀጠሮ አትዝለሉ። እርጉዝ ከሆናችሁ ወይም የልብ ሕመም ካለባችሁ አስቀድማችሁ ተናገሩ። ልብ ከመታ ወይም እምብርት በላይ ኃይለኛ ሕመም ከመጣ የሚቀጥለውን መርፌ ሳትወጉ ለሐኪማችሁ ንገሩ።