«ፖዘቲቭ» ሲባል ደስ ይበለን ወይስ እንደንግጥ?

ከኩፓት ሆሊም በሚመጡ የምርመራ ውጤቶች ላይ «ፖዘቲቭ» የሚለው ቃል በብዛት ይገኛል። በዕብራይስጥ «ሒዩቪ» ይባላል፤ ተቃራኒው «ኔጋቲቭ» ደግሞ «ሽሊሊ» ነው። በማኅበረሰብ ክሊኒክ የምንሠራ ነርሶች ይህ ቃል ወላጆቻችንን በሁለት መንገድ ሲያሳስት እናያለን። አንዳንዶች «ፖዘቲቭ ከሆነማ ጥሩ ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ብለው ደብዳቤውን መሳቢያ ውስጥ ያስቀምጡታል። ሌሎች ደግሞ ቃሉን አገር ቤት ሳሉ ከኤች አይ ቪ ጋር ብቻ ስለሰሙት ገና ሲጠራ ፊታቸው ይለዋወጣል።

ቃሉ የመጣው ከላቲን ነው። «ፖኔሬ» ማለት ማስቀመጥ፣ ማኖር ነው። በፈረንሳይኛ በኩል ወደ እንግሊዝኛ ሲገባ መጀመሪያ የያዘው ትርጉም «የተደነገገ» የሚል ነበር፤ ሰው የደነገገውን ሕግ የሕግ ባለሙያዎች እስከ ዛሬ «ፖዘቲቭ ሕግ» ይሉታል። የተደነገገ ነገር አያጠራጥርምና ቃሉ «እርግጠኛ» ማለትም ሆነ። በሒሳብ ከዜሮ በላይ ላለ ቁጥር ተሰጠ። በ1747 ቤንጃሚን ፍራንክሊን ስለ ኤሌክትሪክ ሲጽፍ ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ በሚሉት ቃላት ተጠቀመ፤ ዛሬ በባትሪ ላይ የምናያቸው የ+ እና የ− ምልክቶች ይህንኑ አነጋገር ይከተላሉ። «መልካም፣ ተስፋ ያለው» የሚለው ትርጉም የኋላ ኋላ የመጣ ነው። (ፖስታ የምንለውም ቃል ከዚያው ከላቲኑ ሥር የበቀለ ነው፤ ባንክ የምናስቀምጠው ዲፖዚትም እንዲሁ።)

በሕክምና ግን ቃሉ ጥሩም መጥፎም አይልም። ይህን ከእንግሊዝኛውም ከዕብራይስጡም ይበልጥ የሚያስረዳን የራሳችን አማርኛ ነው። ፖዘቲቭን «አዎንታዊ» እንለዋለን፣ ከ«አዎን» የወጣ ነው። ምርመራ ማለት አንድ ጥያቄ ነው፤ ፖዘቲቭ «አዎ፣ የተፈለገው ነገር ተገኝቷል» ሲል ኔጋቲቭ «አልተገኘም» ይላል። ደስ የሚለው ወይም የሚያሳስበው የተፈለገው ነገር ምንነት ነው። የእርግዝና ምርመራ ፖዘቲቭ ከሆነ ልጅ ስትጠብቅ ለቆየች ሴት እልልታ ነው።

ለሄፓታይተስ ቢ የሚደረገውን የደም ምርመራ እንይ። አንዱ ምርመራ ቫይረሱን ራሱን ይፈልጋል፤ እሱ ፖዘቲቭ ከሆነ ሰውየው ቫይረሱ በደሙ አለ ማለት ስለሆነ ክትትል ያስፈልገዋል። ሌላው የሚፈልገው ሰውነት ቫይረሱን የሚከላከልበትን ኃይል ነው፤ ይህ በበቂ መጠን ከተገኘ ክትባቱ ሠርቷል ማለት ነው። በሆስፒታል ሥራ የሚጀምሩ ልጆቻችን የሚጠየቁት ይህን ሁለተኛውን ነው። ሁለቱ ውጤቶች በአንድ ወረቀት ላይ ጎን ለጎን ሊጻፉ ይችላሉ።

ደብዳቤው መሳቢያ ውስጥ ሲቀመጥ ከሁሉ የሚያሳስበን ግን የሰገራ ምርመራ ነው። ከ50 እስከ 74 ዓመት ላለ ሰው ኩፓት ሆሊም በዓመት አንድ ጊዜ በነጻ ይሰጠዋል፤ በዕብራይስጥ «ዳም ሳሙይ» ይባላል፣ የተሰወረ ደም ማለት ነው። ሒዩቪ ከሆነ በዓይን የማይታይ ደም ተገኝቷል ማለት ነው። ካንሰር ነው ማለት አይደለም፤ ኪንታሮትም ያደማል፣ ብዙዎቹም ካንሰር አይገኝባቸውም። ሆኖም ኮሎኖስኮፒያ መደረግ አለበት። በዚያ ምርመራ ወደፊት ወደ ካንሰር ሊለወጥ የሚችል ፖሊፕ ከተገኘ አብዛኛውን ጊዜ እዚያው ይነሣል፤ መሳቢያ ውስጥ የተቀመጠው ደብዳቤ ይህን ዕድል ያሳጣል። በተቃራኒው ሽሊሊ የሚል ውጤት የደረሰው ሰው ቆይቶ ደም በዓይኑ ካየ «ምርመራዬ ንጹሕ ነበር» ብሎ መቀመጥ የለበትም።

የደም ዓይነት ላይ ያለው ፖዘቲቭ ወይም ኔጋቲቭ በሽታ አይደለም። ኔጋቲቭ የሆነች ነፍሰ ጡር ግን በ28ኛው ሳምንት አካባቢ መርፌ ያስፈልጋታል፤ የተወለደው ሕፃን ፖዘቲቭ ከሆነም በ72 ሰዓት ውስጥ ይደገምላታል።

ገጻችን የሸማቾች ነውና አንድ ነገር እንጨምር። ከክሬዲት ካርድ ኩባንያ በሚመጣው ወረቀት ላይ «ሒዩቭ» የሚል ቃል አለ። ከሒዩቪ ጋር ሥሩ አንድ ነው፤ እዚህ ግን ከሒሳብዎ የሚቀነስ ገንዘብ ማለት ነው። «ሒዩቭ ጥሩ ነው» ብሎ ያለፈ ሰው ያልገዛውን ዕቃ ሲከፍል ሊኖር ይችላል፤ እያንዳንዱን መስመር ያስነብቡ።

ወደ ክሊኒኩ ሲመጡ ውጤቱን ይዘው ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ «ማ ሒፕሱ?» ምን ፈለጉ? «ማ ማጽኡ?» ምን አገኙ? «ማ ኦሲም አኽሻቭ?» አሁን ምን እናድርግ? የልጅ ልጅን ለአስተርጓሚነት ባያመጡ እንመርጣለን፤ ሕፃን ልጅ ስለ አያቱ አንጀት እንዲያወራ ማድረግ ለሁለቱም ይከብዳል፣ ቃላቱንም አያውቃቸውም። በ2011 የወጣው የጤና ሚኒስቴር መመሪያ የጤና ተቋማት ታካሚዎችን በሚገባቸው ቋንቋ እንዲያገለግሉ ያዛል። ስለዚህ አስተርጓሚ መጠየቅ ልመና አይደለም፣ በስልክም ቢሆን ይጠይቁ። ውጤቱ ሒዩቪ ሆኖ ማንም ካልደወለልዎት ደግሞ ቀጣዩን ቀጠሮ ሳይጠብቁ ራስዎ ለነርሷ ይደውሉ።