የመኪና ጭስ ማጣሪያ ሲደክም፦ ለሰበካ ጉባኤያት የቀረበ ትምህርት



በወልድያ ከተማ፣ እንዲሁም በመርሳና በሌሎች የሀብሩ ወረዳ ቀበሌያት አንድ አሮጌ መኪና ለአጥቢያ የሚሰጠው አገልግሎት ብዙ ነው። ሕመምተኛ ወደ ሆስፒታል ያደርሳል፤ ሲሚንቶና ቆርቆሮ ያመላልሳል። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ በእጃችን ያለውን ጠብቆ ማቆየት ግድ ሆኗል። ስለዚህ በዚህ እትም ያለ ምርመራ ስለሚቆረጥ ወይም ያለ ጊዜው ስለሚለወጥ አንድ ክፍል፣ ስለ ካታሊቲክ ኮንቨርተር፣ እንማማራለን።

ሥራው ምንድን ነው?

ይህ ክፍል በሞተሩና በማርሚታው መካከል፣ በጭስ ማውጫው ቱቦ ላይ የተገጠመ ነው። በውስጡ እንደ ማር እንጀራ የተቦረቦረ ሸክላ አለ፤ ሸክላውም እንደ ፕላቲነም፣ ፓላዲየምና ሮዲየም ባሉ ውድ ማዕድናት በስሱ ተለብጧል። ጭሱ በቀዳዳዎቹ ሲያልፍ መርዛማው ካርቦን ሞኖክሳይድ ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ያልተቃጠለውም ቤንዚን ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድና ወደ ውኃ ይለወጣል። ብዙዎቹ አሮጌ የናፍጣ መኪናዎች ግን ይህ ክፍል ከመጀመሪያውም ስለሌላቸው አስቀድሞ መኖሩን ማረጋገጥ ይገባል።

መድከሙ በምን ይታወቃል?

ሸክላው ሲደፈን ጭሱ መውጫ ያጣል፤ ሞተሩ ይታፈናል፤ መኪናው ዳገት ላይ ይለግማል። ሸክላው ሲሰበር ደግሞ ከመኪናው ሥር የመንኳኳት ድምፅ ይሰማል። የተበላሸ እንቁላል የሚመስል ሽታም ምልክት ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ከወልድያ ወደ ድልብ በሚወጣው ዳገት ጤነኛ መኪናም ከአየሩ መሳሳት የተነሣ ጥቂት ጉልበት ያጣል። ስለዚህ መኪናውን ቀድሞ በዚያው መንገድ ከነበረው ጉልበት ጋር ማነጻጸር፣ ከዚያም መካኒኩ የጭሱን ግፊት በመሣሪያ እንዲለካ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ደዌው ከወዴት ነው?

የጭስ ማጣሪያው በራሱ ብቻ የሚሞትበት ጊዜ ጥቂት ነው። ካንዴላው ሲደክም ያልተቃጠለ ቤንዚን ወደ ማጣሪያው ገብቶ በዚያ ይነድዳል፤ ሸክላውንም ያቀልጠዋል። ሞተሩ ዘይት ሲበላ ቅሪቱ ቀዳዳዎቹን ይሸፍናል። ይህ ሳይታከም አዲስ ማጣሪያ መግጠም፣ ጣሪያው እያፈሰሰ ግድግዳ እንደ መለሰን ነው፤ አዲሱም በቅርቡ ይበላሻል።

ቆርጦ መጣል መፍትሔ ነውን?

ዋጋው ስለሚከብድ ሸክላውን ሰብሮ ባዶ ቱቦ መተው ቀላል ይመስላል። ይሁንና ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም፤ ቱቦው ቢያፈስ ወደ መኪናው ውስጥ ገብቶ ተሳፋሪውን፣ ይልቁንም ተኝቶ የሚጓዘውን ሕመምተኛ ይጎዳል።

ሌላው አደጋ እሳት ነው። የጋለ ማጣሪያ ደረቅ ሣርን ሊያቀጣጥል ይችላል። በበጋ በደረቀ ሣር፣ በጭድ ወይም በማሽላ አገዳ ላይ መኪና ማቆም ለአውድማውም ለቤተ ክርስቲያኑ ደንም ያሰጋል። የመኪና ማቆሚያው ስፍራ ተመንጥሮ አፈሩ የታየ ይሁን።

ከውሳኔ በፊት

1. ካንዴላ፣ የዘይት ፍጆታና የቱቦ መፍሰስ ይመርመር፤ ውጤቱ በጽሑፍ ይቀርብ።
2. ከተቻለ ከሁለት ጋራዦች ዋጋ ይጠየቅ፤ ውሳኔው በቃለ ጉባኤ ይያዝ።
3. የተፈታው አሮጌ ማጣሪያ ውድ ማዕድን ስላለበት ይሸጣል፤ ስለዚህ የአጥቢያው ንብረት እንደ መሆኑ ተመልሶ በንብረት መዝገብ ይግባ። ቢሸጥም ገንዘቡ በሕጋዊ ደረሰኝ ገቢ ይሁን።
4. መኪናው እስኪጠገን ድረስ ሕመምተኛ አይጫንበት።

ምእመናን ከጉድለታቸው የሰጡት ገንዘብ አደራ ነው። መንስኤውን ሳይመረምሩ ማውጣትም፣ ጥቂት ለመቆጠብ ብሎ የሰውን ሕይወት ለአደጋ ማጋለጥም፣ ሁለቱም አደራውን ማጉደል ነው።

የውይይት ጥያቄዎች

ሀ. የአጥቢያችን መኪና የጥገና መዝገብ አለውን? የሚመዘግበውስ ማን ነው?
ለ. የተለወጡ አሮጌ ዕቃዎች እስካሁን ወዴት ሄዱ?
ሐ. መኪናችን የሚቆምበት ስፍራ ከደረቅ ሣር የጸዳ ነውን?