ለቤት የሚበቃ ጥሬ ገንዘብ ስንት ነው?

ገንዘብ ስለ ማግኘት ብዙ ይነገራል፣ ብዙም ይጻፋል። ያገኙትን ስለ ማስቀመጥ የሚነገረው ግን ጥቂት ነው። በተለይም «በቤቴ ውስጥ ምን ያህል ጥሬ ገንዘብ ይኑረኝ?» የሚለውን ጥያቄ አብዛኛው ቤተሰብ ቁጭ ብሎ ሳያሰላ በልማድ ይመልሰዋል። አንዱ ያለውን ሁሉ በሣጥን ቆልፎበት ያድራል። ሌላው ደግሞ ደመወዙን በወሩ አጋማሽ ጨርሶ ልጁ የታመመ ዕለት ለመድኃኒት የሚሆን ብድር ፍለጋ ጎረቤት ያንኳኳል። ሁለቱም አደጋ ላይ ናቸው። ለመሆኑ መካከለኛው መንገድ የቱ ነው? ይህን ጥያቄ ከድባጤ ኑሮ ተነስተን እንመልከተው፤ ሁለቱም አደጋዎች በአንድ ጊዜ የታዩት በዚያ ነውና።

የ2013 ዓ.ም ትምህርት

ድባጤ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል በመተከል ዞን፣ ከቻግኒ ወደ ቡለን በሚወስደው መስመር ላይ የምትገኝ ወረዳ ናት። በከተማዋ መካከለኛ ኑሮ የሚኖረው መምህሩ፣ የጤና ባለሙያው፣ የወረዳው ሠራተኛ፣ ባለ ሱቁና እህል ነጋዴው ነው። ገበሬው አዝመራውን ሲሸጥ በእጁ ካልተቆጠረለት አያምንም። ስለዚህ ነጋዴውም ጥሬ ገንዘብ ይዞ ማደርን ለምዷል።

መስከረም 4 ቀን 2013 ዓ.ም መንግሥት የ10፣ የ50 እና የ100 ብር ኖቶች በአዲስ እንደሚተኩና አዲስ የ200 ብር ኖት እንደሚወጣ አስታወቀ። አሮጌውን ለመለወጥ የተሰጠው ጊዜ ሦስት ወር ነበር። ከ10 ሺህ ብር በላይ የሚለውጥ ሰው ደግሞ የባንክ ሒሳብ እንዲከፍት ተደነገገ። በዚያው ሦስት ወር ውስጥ መተከል በጥቃትና በመፈናቀል ትታመስ ነበር። ኅዳር 5 ቀን 2013 ዓ.ም በድባጤ ወረዳ በተሳፋሪ አውቶቡስ ላይ በደረሰው ጥቃት ቢያንስ 34 ሰዎች መገደላቸውን የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ገልጿል። ከዞኑ የተፈናቀሉ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ወገኖችም ቻግኒ አካባቢ ተጠለሉ።

እንግዲህ በዚያ ኅዳር ሦስት ቤተሰቦችን በዓይነ ኅሊናችን እናስብ። የመጀመሪያው ጥሪቱን በሙሉ በአሮጌው ኖት ከግድግዳ ሥር ቀብሮ ሌሊት የሸሸ ነው። ሁለተኛው ገንዘቡ በእጁ አለ፤ ሆኖም ወደ ባንክ የሚያደርሰው መንገድ ያስፈራዋል። ሦስተኛው ያለውን ሁሉ ባንክ አስገብቷል፤ ነገር ግን ልጆቹን ለማሸሽ ለመኪና የሚከፍለው በኪሱ የለም። የመጀመሪያው ገንዘብ አልተሰረቀም፣ አልተቃጠለም፤ ጊዜው ብቻ አለፈበት። የሦስተኛውም አልጠፋም፤ በተፈለገበት ሰዓት ግን አልተገኘም።

የብር ለውጥ በአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። ደርግ በ1969 ዓ.ም የንጉሡን ምስል የያዙትን ኖቶች ለውጧል። ኤርትራ ናቅፋን ባሳተመች ጊዜም በ1990 ዓ.ም ብራችን ተለውጧል። በሕንድም እ.ኤ.አ. በኅዳር 2016 የ500 እና የ1000 ሩፒ ኖቶች በአንድ ሌሊት ማስታወቂያ ከአገልግሎት ወጥተዋል። ወረቀቱ ዋጋ የሚኖረው የሚቀበለው እስካለ ድረስ ብቻ መሆኑን መርሳት የለብንም።

የተኛ ገንዘብ ይከሳል

ሌባና እሳት ባይደርሱበት እንኳ ሣጥን ውስጥ የተኛ ብር ባለበት አይቆይም። በ2014 ዓ.ም የአገራችን የዋጋ ንረት ከ30 በመቶ በላይ ነበር። በዚህ ስሌት በዓመቱ መጀመሪያ 40 ሺህ ብር የደበቀ ሰው በዓመቱ መጨረሻ ያገኘው አቅም 31 ሺህ ብር የማይሞላ ነው። ቁጥሩ ያው 40 ሺህ ነው፤ የሚገዛው ጤፍና ዘይት ግን ቀንሷል። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም ጀምሮ የምንዛሪ ገበያው ሲለቀቅም 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። ከውጭ የሚገባ መድኃኒት፣ ማዳበሪያና ቆርቆሮ የሚገዛ ሰው ይህን በኪሱ አይቶታል።

ማስቀመጥ ከተወኩል ጋር አይጋጭም

«ለነገ ማስቀመጥ በአላህ (ሱ.ወ.) አለመመካት ነው» የሚሉ አሉ። ይህ ትክክል አይደለም። ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ለቤተሰባቸው የዓመት ቀለብ ያስቀምጡ እንደነበር ከዑመር (ረ.ዐ.) በተላለፈው ሶሒሕ ሐዲስ ተዘግቧል። ነቢዩ ዩሱፍም (ዐ.ሰ.) በጥጋቡ ዘመን የሚታጨደው እህል ለረሃቡ ዘመን ከነዛላው እንዲከማች መክረዋል። ልብ በሉ፤ በሁለቱም የተቀመጠው የሚበላ ነገር ነው። የእኛም ቤት የመጀመሪያ ጥሪት እስከሚቀጥለው አዝመራ የሚያደርስ በቆሎ፣ ዳጉሳና ጤፍ ነው። ጎተራው የሞላ ቤት ብዙ ጥሬ ገንዘብ አያስፈልገውም።

የተወገዘው ሐቁ ሳይወጣለት የተከማቸ ሀብት ነው። ኢብኑ ዑመር (ረ.ዐ.) ስለ «ከንዝ» ተጠይቀው ዘካው ያልወጣ ገንዘብ መሆኑን አስረድተዋል። ብዙ ሰው የእህሉንና የከብቱን ዘካ ያውቃል፤ በሣጥኑ ያለውን ብር ግን አይቆጥረውም። የጥሬ ገንዘብ ኒሷብ የ85 ግራም ወርቅ ወይም የ595 ግራም ብር ዋጋ ነው። በየትኛው እንደሚለካ የአካባቢን ዑለማ መጠየቅ ነው። ኒሷቡን ሞልቶ አንድ የጨረቃ ዓመት ከቆየ 2.5 በመቶው የድሆች ድርሻ ነው። ለምሳሌ በቤት 15 ሺህ፣ በሒሳብ 45 ሺህ፣ በሱቅ ለሽያጭ የቀረበ 340 ሺህ ብር የሚያወጣ ዕቃ ያለው ሰው ድምሩ 400 ሺህ ነው፤ ኒሷብ ከሞላ ዘካው 10 ሺህ ብር ይሆናል።

ታዲያ ልኩ ስንት ነው?

በሌላው ዓለም የገንዘብ አማካሪዎች የሦስት እስከ ስድስት ወር ወጪ ለክፉ ቀን ይቀመጥ ይላሉ። ምክሩ መልካም ነው፤ ሁሉም በቤት ይቀመጥ ማለት ግን አይደለም። ለእኛ የሚስማማው በደረጃ መክፈል ነው። ወሩን በ15 ሺህ ብር የሚያሳልፍ ቤተሰብ ለምሳሌ እንውሰድ።

አንደኛ፣ በእጅ የሚያዝ። የአንድ ወር ወጪ፣ ማለትም 15 ሺህ ብር። መለኪያው መንገድ ተዘግቶ፣ ባንክ ሳይከፈት ወይም ኔትወርክ ጠፍቶ ሊያቆይ የሚችለው ጊዜ ነው። ከግንቦት 2013 ዓ.ም ጀምሮ ቴሌብር ብዙ ነገር አቅልሏል፤ ይሁንና ኔትወርክ በሌለበት ስልክ ገንዘብ አይሆንም። መንገድ በጭቃ በሚበላሽበት ክረምት ከአንድ ወር በመጠኑ ከፍ ቢል አይከፋም። ሁሉም ባለ 200 ብር ኖት አይሁን፤ በችግር ቀን መልስ የሚሰጥ አይገኝምና ባለ 10፣ ባለ 50 እና ባለ 100 ብሩም ይኑር። በአንድ ቦታም አይከማች።

ሁለተኛ፣ በሒሳብ የሚቀመጥ። የሦስት ወር ወጪ፣ 45 ሺህ ብር። ወለድን የሚሸሽ ሙስሊም ለዓመታት ገንዘቡን በቤት ያኖረው አማራጭ በማጣቱ ነበር። ዛሬ ያ ምክንያት ቀሏል። ብሔራዊ ባንክ በ2004 ዓ.ም ባወጣው መመሪያ ባንኮች የወለድ አልባ መስኮት እንዲከፍቱ ተፈቀደ። በ2013 ዓ.ም ደግሞ ሙሉ በሙሉ ወለድ አልባ የሆነው ዘምዘም ባንክ ሥራ ጀመረ፤ ሒጅራ ባንክም ተከተለ። በወዲዓ ሒሳብ የሚቀመጠው በአደራ መልክ ነው፤ ወለድም የለው። ትርፍ ስለሌለውም የዋጋ ንረት እንደሚበላው ማወቅ ይገባል። ስለዚህ በዚህ የሚቀመጠው ለክፉ ቀን የሚሆነው ብቻ ይሁን።

ሦስተኛ፣ የሚሠራ ገንዘብ። ከዚያ የተረፈው አይተኛ፤ ለሱቅ ዕቃ፣ ለሚደልብ በሬ፣ በትርፍና ኪሳራ ለመጋራት በሙዳረባ፣ ወይም ከታመኑ ሰዎች ጋር ለሚጣል ዕቁብ ይዋል። ዕቁብ ወለድ የሌለበት የቆየ ጥበባችን ነው፤ ጥንካሬው ግን በአባላቱ ታማኝነት ልክ ነው።

የነጋዴው የሥራ ገንዘብ ለብቻው ይታይ። በአዝመራ ወቅት እህል ለመግዛት የሚያወጣው ጥሬ ገንዘብ የቤተሰቡ ጥሪት ስላልሆነ ሁለቱ በአንድ ከረጢት አይደባለቁ።

የሰው አደራ

በገጠር ከተሞቻችን ገበሬው የሸጠበትን ብር ለሚያምነው ባለ ሱቅ «ያዝልኝ» ብሎ መሄዱ የተለመደ ነው። ይህ ትልቅ አማና ነው። ለብቻው ተቋጥሮ፣ የባለቤቱ ስምና መጠኑ ተጽፎበት ይቀመጥ። ጠባቂው ሳያጎድል፣ ሳይዘናጋ ቢጠፋበት አይጠየቅም። ከራሱ ጋር ደባልቆ ከነገደበት ግን ዕዳ ሆኖበታል፤ ሱቁ ቢዘረፍም ይከፍላል። የብር ለውጥ ሲታወጅም ለባለቤቱ ፈጥኖ ማሳወቅ የአደራው አካል ነው። «ቸግሮኝ ነካሁት፣ እመልሰዋለሁ» የሚል ባለ ሱቅ ያ ገበሬ ለሽሽት የሚያስፈልገውን የመኪና ዋጋ ይዞበት ሊሆን ይችላል።

ለባለቤትህ ንገራት

በመጨረሻም ከመጠኑ የማይተናነስ ጉዳይ አለ። በብዙ ቤት ገንዘቡ የት እንዳለ የሚያውቀው አባወራው ብቻ ነው። እርሱ በድንገት ቢሞት ወይም ከቤት እንደወጣ መንገድ ቢዘጋበት፣ የተቀበረው ብር ለልጆቹ እንዳልነበረ ይቆጠራል። የዘካ ዓመቱ፣ ያበደረውና የተበደረውም አብሮት ይቀበራል። ሸሪዓችን ብድር እንዲጻፍ ያዘዘው፣ የሚናዘዘው ነገር ያለው ሰውም ኑዛዜውን ሳይጽፍ እንዳያድር የመከረው ለዚህ ነው።

ስለዚህ በዚህ ሳምንት ሦስት ነገር እናድርግ። ቤት ያለውን እንቁጠር። ከወር ወጪ የሚበልጠውን ወደሚገባው ቦታ እናዛውር። የራሳችንን፣ የሰውን አደራና ዕዳችንን ለይተን በአንድ ወረቀት ጽፈን ለትዳር አጋራችን እናሳይ። ሦስቱም ከአንድ ምሽት በላይ አይፈጁም፤ ክፉ ቀን ከመጣ በኋላ ግን ያቺ ምሽት አትገኝም።

ወላሁ አዕለም።