ከቤቱ የራቀውን ወንድም እንዴት እንቀበለው?

የሚነበብ፦ የሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 15

ይህ ትምህርት የሚናገረው ወጥቶ በደጅ ስለ ቆመው ሰው ነው። ተጠምቆና ቆርቦ፥ በልጅነቱም ጸሎቱን በቃሉ አጥንቶ፥ ዛሬ ግን የቤተ ክርስቲያኑን በር ሲያይ እግሩ የሚከብደው ካቶሊካዊ በመካከላችን አለ። እርሱን መቀበል የካህኑ ብቻ ሳይሆን የእያንዳንዳችን ሥራ ነው።

በአቃቂ ቃሊቲ ለሚኖር ሰው ይህ ነገር ሩቅ አይደለም። የፋብሪካውና የጭነት መኪናው ሥራ ከጉራጌም ከከምባታም ከሐዲያም ከወላይታም ሰው ይስባል። ለምሳሌ ከወላይታ የመጣ አንድ ሠራተኛ እናስብ። በተወለደበት አገር በላቲን ሥርዓት ሲቀደስ ሰምቶ አድጓል፤ የአዲስ አበባ ሀገረ ስብከት ሥርዓት ግን የግዕዝ ነው። ወደ ቅዳሴ ሲገባ ምን ብሎ እንደሚመልስ አያውቅም፤ እሑድም የሥራ ተራ ይደርስበታል። አንድ ዓመት፥ ሁለት ዓመት ይቀራል። በማዘጋጃ ቤት ተጋብቶ ልጅ ይወልዳል። ልጁን ሊያስጠምቅ በመጣ ቀን ግን የሚሰማው የመጀመሪያ ቃል «እስከ ዛሬ ወዴት ነበርህ?» የሚል ተግሣጽ ይሆናል። ያ ሰው ሃይማኖቱን አልካደም፤ ነገር ግን ዳግመኛ አይመጣም።

ሰው በትዕግሥት እንደሚቀርብ፥ በግድም እንደሚሸሽ የአገራችን ታሪክ አስቀድሞ አስተምሮናል። ጴጥሮስ ጳኤዝ የተባለው ኢየሱሳዊ ካህን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1603 ገብቶ፥ ግዕዝና አማርኛ ተምሮ፥ በትዕግሥት ሲያስተምር ቆይቶ በ1622 ሞተ። በ1625 የመጣው ፓትርያርክ አልፎንሶ ሜንዴዝ ግን ሕዝቡ እንደገና እንዲጠመቅ፥ ካህናቱም እንደገና ክህነት እንዲቀበሉ፥ ጾሙና በዓሉም እንዲለወጥ አዘዘ። ከዚህ የተነሣ ብዙ ደም ፈሰሰ፤ ዐፄ ሱስንዮስም በ1632 የቀድሞው ሃይማኖት እንዲመለስ አወጁ። ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ፥ በ1839፥ ቅዱስ ዩስቲኖስ ደ ያቆቢስ ወደ ዐድዋ ሲመጣ ሌላ መንገድ መረጠ። የአገሩን ቋንቋ ተማረ፤ የግዕዙን ሥርዓት አከበረ፤ በ1860ም በስደት ሲጓዝ በመንገድ ላይ ሞተ። ፓትርያርኩ የንጉሥ ሥልጣን በኋላው ነበረው፤ ነገር ግን የሠራው ሥራ በጥቂት ዓመት ፈረሰ። ዩስቲኖስ ከትሕትና በቀር ምንም አልነበረውም፤ የተከለው ግን እስከ ዛሬ አለ።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

አንደኛ፥ ከመናገር በፊት እንስማ። በምሳሌው ያለው አባት ልጁ ያዘጋጀውን ንግግር እስኪጨርስ አልጠበቀም፤ ገና በሩቅ ሳለ አይቶ ሮጠ። እኛም «ለምን ቀረህ?» ከማለት «እንኳን ደኅና መጣህ፤ ቤተ ሰብህ እንዴት ነው?» ብንል ይሻላል። የመዋጮ ነገርም በዚያ ቀን አይነሣ።

ሁለተኛ፥ ያልተዘጋውን ደጅ ተዘግቷል አንበል። ብዙዎች በጋብቻቸው ምክንያት የተባረሩ ይመስላቸዋል። ነገር ግን ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ በ1981 በጻፉት መልእክት፥ ተፋትተው ዳግመኛ ያገቡት እንኳ ወደ ቅዱስ ቁርባን ባይቀርቡ ከቤተ ክርስቲያን እንዳልተለዩ፥ ቃሉን መስማትና በቅዳሴ መገኘት፥ መጸለይና ልጆቻቸውን በሃይማኖት ማሳደግ እንደሚገባቸው አስተምረዋል። በ2016ም ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ ካህናት የእያንዳንዱን ሰው ሁኔታ በማስተዋል እንዲመረምሩ አሳስበዋል። በማዘጋጃ ቤት ብቻ የተጋባውም ከቆሞሱ ጋር ለብቻው ቢነጋገር ጋብቻውን የሚያቃናበት መንገድ ሊያገኝ ይችላል። ስለዚህ ካህኑ ያልፈረደውን እኛ በደጅ ቆመን አንፍረድ።

ሦስተኛ፥ የተበደለውን ሰው «ዝም በል» አንበለው። ከቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ክፉ ነገር ደርሶበት የራቀ ሰው ተግሣጽ አይገባውም፤ የሚገባው እውነትና ፍርድ ነው። በ2019 የወጣው የቤተ ክርስቲያን ሕግ ካህናትና መነኮሳት በሕፃናትና በደካሞች ላይ የተፈጸመ የነውር በደል ሲሰሙ እንዲያመለክቱ ያስገድዳል። በደልን መሸፈን ቤተ ክርስቲያንን መጠበቅ አይደለም።

አራተኛ፥ አብረን እንሂድ። «ና» ማለት ብቻ አይበቃም። የሥራ ተራው የሚፈቅድለትን ሰዓት ጠይቀን፥ ከቤቱ ወስደን፥ በአጠገባችን አስቁመን፥ የቅዳሴውን መልስ በቀስታ እናሳየው።

አንድ ሰው «እንዲህ ከሆነ ኃጢአት ቀላል ሊሆን አይደለምን?» ይል ይሆናል። አይደለም። አባትየው ልጁ መሄዱን መልካም ነው አላለም፤ እንዲያውም እንደ ሞት ቈጠረው። ነገር ግን አስቀድሞ አቀፈው። ሐኪም በሽተኛውን ሳያስገባ በደጅ ቢገሥጸው ቁስሉ ከቶ አይድንም።

ደግሞም ይህን እናስተውል። ምሳሌው ታናሹ ልጅ እንደ ገባ ይነግረናል፤ ታላቁ ወንድም ግን ይግባ አይግባ ሳይነግረን ያበቃል። ከቤት ሳንወጣ የኖርን እኛ ታላቁ ወንድም ነን። የታሪኩ ፍጻሜ ለእኛ ቀርቷል።

ለመመርመር፦
1. ከቤተ ክርስቲያን የራቀ ማንን አውቃለሁ? ምክንያቱንስ ጠይቄ አውቃለሁን?
2. በእኔ ቃል ወይም ዝምታ የራቀ ሰው አለን?
3. በሚመጣው እሑድ ከማን ጋር አብሬ እሄዳለሁ?

እግዚአብሔር የሚሰማ ጆሮና የሚያቅፍ ክንድ ይስጠን። አሜን።