ትምህርት ቤት በጡብ ብቻ አይቆምም
(ከቫልፓራይሶ ዩኒቨርሲቲ ታሪክ የምንማረው)

"ትምህርት ቤት ማለት ምን ማለት ነው?" ተብለን ብንጠየቅ ብዙዎቻችን "ክፍል፣ ጥቁር ሰሌዳ፣ መምህርና ተማሪ" ብለን እንመልሳለን። መልሱ ስሕተት አይደለም፤ ግን ጎደሎ ነው። የጎደለውን ለመረዳት እንዲያመቸን በዛሬው ትምህርታችን በአሜሪካ፣ በኢንዲያና ግዛት የሚገኘውን የቫልፓራይሶ ዩኒቨርሲቲን እንመለከታለን። ዩኒቨርሲቲው የሉተራውያን ነው። እኛ የመረጥነው አንደኛ፣ በአንድ ወቅት እንደኛው የመምህራን ማሠልጠኛ ስለነበረ፣ ሁለተኛ፣ ትምህርት፣ ኪነ ጥበብና የጋራ ኑሮ ሲረዳዱም ሲጋጩም የታዩበት ስለሆነ ነው። (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

1. አመሠራረቱ

ትምህርት ቤቱን በ1859 የመሠረቱት ሜቶዲስቶች ናቸው። ወንዶችና ሴቶች አብረው ከተማሩባቸው የአገሩ ቀደምት ኮሌጆች አንዱ ነበር። በ1871 ተዘጋ። በ1873 ሄንሪ ቤከር ብራውን የተባሉ መምህር የመምህራን ማሠልጠኛ አድርገው እንደገና ከፈቱት። ክፍያው አነስተኛ ስለነበረ ኪሱ የሳሳው ሁሉ መጣ፤ ሰዉም "የድሃው ሃርቫርድ" የሚል ስም አወጣለት።

ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ግን ዕዳ አናቱ ላይ ወጣ። በ1923 ኩ ክላክስ ክላን የተባለው ጥቁሮችን፣ ካቶሊኮችንና አይሁዶችን የሚጠላ ድርጅት ሊገዛው ተነሣ። ገንዘቡ ስላልተሟላለት ሳይሳካለት ቀረ። በ1925 የሉተራውያን ማኅበር ገዛው። እንግዲህ አስቡት! ያ ግዢ ተሳክቶ ቢሆን ኖሮ ያው ሕንጻ፣ ያው ወንበር የጥላቻ ማስተማሪያ ይሆን ነበር። ሕንጻ በራሱ ዓላማ የለውም፤ ዓላማ የሚሰጡት በውስጡ ያሉት ሰዎች ናቸው።

2. የተማሪዎቹ እጅ

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የምሕንድስና ተማሪዎች ትምህርታቸውን እዚያው ሊጨርሱ አልቻሉም፤ መጀመሪያውን ከተማሩ በኋላ ወደ ሌላ ዩኒቨርሲቲ መዛወር ነበረባቸው። የተሟላ ትምህርት ለመስጠት ቤተ ሙከራ ያስፈልጋል፤ ለቤተ ሙከራው ደግሞ ገንዘብ የለም። ታዲያ ምን አደረጉ? "እኛው እንሠራዋለን" አሉ። በ1948 እና በ1949 ሕንጻውን በገዛ እጃቸው ገነቡት። የኛ ገበሬ ይህን ደቦ ይለዋል። "ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ" የሚባለውም ይኸው ነው። እዚህ ላይ ልብ ልንለው የሚገባ ነገር አለ፦ እነዚያ ተማሪዎች ሲገነቡ ሥራ ፈተው አልነበረም፤ ሙያቸውን እየተማሩ ነበር።

3. ኪነ ጥበቡ

በ1956 ለጸሎትም ለስብሰባም ያገለግል የነበረው አዳራሽ ተቃጠለ። በምትኩ በ1959 የተመረቀው የትንሣኤ ጸሎት ቤት በአገሩ ካሉት ትላልቅ የኮሌጅ ጸሎት ቤቶች አንዱ ነው። መዘምራንና የሙዚቃ ጓዶች ዝግጅታቸውን ያቀርቡበታል። በስዕል በኩልም በ1953 ፐርሲ ስሎን የተባሉ ሰው የአባታቸውን ሥዕሎችና ለስብስቡ ማሳደጊያ የሚሆን ገንዘብ አበረከቱ። በዚያ ገንዘብ በ1962 የጆርጂያ ኦኪፍ ሥራ የሆነ፣ ቀያይ ኮረብቶችን የሚያሳይ የ1930 ሥዕል ተገዛ። ተማሪው ከክፍል ወጥቶ ጥቂት እንደተራመደ የታላቅ ሠዓሊ ሥራ ፊት ለፊት ይቆም ነበር ማለት ነው።

4. ክርክሩ

በ2023 የዩኒቨርሲቲው አመራር ይህን ሥዕል ከሌሎች ሁለት ጋር ሸጦ የአንደኛ ዓመት ተማሪዎችን ማደሪያ ለማደስ ማቀዱን አስታወቀ። ዩኒቨርሲቲው የገንዘብ ችግር ነበረበት፤ አመራሩም "ተማሪ ደኅና ማደሪያ ካላገኘ አይመጣም" የሚል ሐሳብ ነበረው። ብዙ መምህራን፣ ተማሪዎችና የቀድሞ ምሩቃን ደግሞ "ለሥዕል የተሰጠ አደራ ለአልጋ አይውልም፤ ሥዕሉም መማሪያችን ነው" ሲሉ ተቃወሙ። ነገሩ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ በ2024 ፍርድ ቤቱ ሽያጩን ፈቀደ።

ሁለቱም ወገን የያዘው ቁም ነገር አለው። ጣሪያው በሚያፈስ ቤት ያደረ ተማሪ ስለ ሥዕል ቢነግሩት አይሰማም፤ ይህን እኛም እናውቀዋለን። ነገር ግን ማደሪያ ከሃያ፣ ከሠላሳ ዓመት በኋላ ዳግም እድሳት ይጠይቃል፤ የተሸጠ ሥዕል ግን አይመለስም። አደራ ከፈረሰ ደግሞ ነገ ሌላ ሰጪ ከየት ይመጣል? በኛ በኩል ከ1948ቱ ተማሪዎች የምንወስደው ትምህርት፣ ችግር ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠየቀው "ምን እንሽጥ?" ሳይሆን "ምን በጋራ እንሥራ?" መሆን አለበት የሚል ነው። ሥራው ሁልጊዜ ይበቃል አንልም፤ ጥያቄው ግን ይቅደም።

ነገ በየገጠሩ ስንመደብ ሥዕል ያለው ሙዚየም አይጠብቀንም። አንድ ክራር የሚመታ ሽማግሌ፣ አንዲት ስፌት የምታውቅ እናት፣ አጥር ሊያጥር የሚመጣ ወላጅ ግን አይጠፋም። እነዚህን ወደ ግቢው ያላስገባ መምህር ክፍል እንጂ ትምህርት ቤት የለውም።

የመወያያ ጥያቄዎች

ሀ. እናንተ የዩኒቨርሲቲው አመራር ብትሆኑ ሥዕሉን ትሸጡ ነበር? ለምን?
ለ. በተቋማችን ገንዘብ ሳንጠይቅ በእጃችን ልንሠራው የምንችለው አንድ ነገር ምንድን ነው?
ሐ. በመጣችሁበት ቀበሌ ለትምህርት ቤት ሊጠቅም የሚችል ምን ኪነ ጥበብ አለ?

ለጥያቄ "ለ" የተሰጡትን መልሶች በሚቀጥለው እትም በዚሁ ግድግዳ ላይ እናወጣለን፤ እስከዚያው አካፋና ዶማ የት እንዳለ አጣሩ!